ኑዛዜ ስለ ዘር ምን ያውቃል?

ኑዛዜ ሰው ከሞተ በኋላ እንዲፈጸምለት የሚፈልገውን በሕይወት ሳለ በምስክር ፊት የሚያኖረው ቃል ነው። ዋና ሥራው ንብረት ማከፋፈልና ነፍስን ማሰናዳት ነው። የዘር ሐረጉን ለሚፈልግ ሰው ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚስት፣ የልጅ፣ የወንድም፣ የነፍስ አባትና የጎረቤት ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተሰብስቦ ይገኝበታል። ልደትና ጋብቻ በመዝገብ ባልሰፈሩበት ዘመን ከዚህ የሚሻል የጽሑፍ ማስረጃ እምብዛም የለም። ስለዚህ የቅድመ አያትን ቤተሰብ በአሮጌ ኑዛዜ መከተል ተገቢ መንገድ ነው። የሚያከራክረው መንገዱ የሚያደርሰው የት እንደሆነ ነው፦ ኑዛዜ የሚያሳየው በእውነት የነበረውን ቤተሰብ ነው ወይስ ተናዛዡ «ቤተሰቤ ይህ ነው» ብሎ የቆረጠውን?

ጥያቄው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ምድር፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ ዙሪያ፣ ይበልጥ ይከብዳል። በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ የጦር አለቃ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋ ገባ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ሲያመልጡ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ፤ በሰንሰለት ታስረውም ወደ ሸዋ ተወሰዱ። የሸካ፣ የቤንች፣ የሸኮና የዲዚ አገሮችም በዚያው ዘመን በምኒልክ ግዛት ሥር ገቡ። ዘመኑን አገር ማቅናት የሚሉት አሉ፤ ቅኝ አገዛዝ የሚሉትም አሉ። ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት ነገር ነው። ከሰሜንና ከሸዋ የመጣው ወታደር በገባር ጉልበት እንዲተዳደር ተደረገ፤ ከአገሬው ሕዝብም እጅግ ብዙ ሰው ለባርነት ተጋዘ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ዘሩን የሚቆጥር ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ ከወታደሩ ወይም ከገባሩ፣ ከባለ ኑዛዜው ወይም ኑዛዜው ከሚቆጥረው ሰው ይደርሳል። ብዙ ጊዜም ከሁሉም ይደርሳል።

በአማርኛ የተጻፈ ኑዛዜ ወደዚያ የገባው ከወታደሩና ከካህኑ ጋር ነው። ከኋላው የቆመው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ግብጻዊው ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ። ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ውርስና ባሪያን ነጻ ስለማውጣት የሚደነግጉ ክፍሎች አሉት። የኑዛዜው ቅርጽ በልማድ የጸና ነው። በሥላሴ ስም ይከፈታል፤ ተናዛዡ አካሉ ቢደክምም ልቡናው እንዳልተናወጠ ያስመሰክራል፤ ለተዝካርና ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ይለያል፤ ያለበትን ዕዳና በሰው እጅ ያለውን ገንዘብ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ ሀብቱ ይገባል። መጨረሻው ውግዘት ነው፤ ቃሉን ያፈረሰ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። በሰሜኑ አድባራት እንዲህ ያለው ቃል ከርስት ውል ጋር በወንጌል መጽሐፍ ህዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት የመሬት ሥርዓት ያደረገው ምርምር በአብዛኛው በእነዚህ የህዳግ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ በዘር ፈላጊው እጅ ሲገባ እንደ ዜና ይነበባል፦ «እገሌ እነ እገሌን ወልዶ ነበር።» ኑዛዜ ግን ዜና አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን ነገርን ከሚገልጹ ንግግሮች ነገርን የሚፈጽሙትን ሲለይ፣ ከምሳሌዎቹ አንዱ ሰዓቱን ለወንድሙ የሚናዘዝ ሰው ነበር። ይህ ሰው ስለ ሰዓቱ እውነት ወይም ሐሰት አልተናገረም፤ በመናገሩ ሰዓቱን ሰጠ። ነገሩ ከሰዓት ወደ ልጅ ሲሸጋገር ክብደቱ ይለወጣል። የዘመኑ ጌታ በቁርባን ወይም በሰማንያ ካገባት ሚስቱ ሌላ የጭን ገረድ ሊኖረው ይችላል። ከእርሷ የተወለደው ልጅ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ግቢ አድጎ ልጅነቱ ሳይረጋ ዓመታት ያልፋሉ። አባቱ በመጨረሻው ቀን «ልጄ እገሌ ከወንድሞቹ ጋር እኩል ይካፈል» ካለ ልጅ ሆነ፤ ዝም ካለ በወረቀቱ ላይ ልጅ አይደለም። ደሙ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ኑዛዜው ያልነበረ ዝምድና አልፈጠረም፤ የነበረውን የመቁጠርና ያለመቁጠር ሥልጣን ግን በአንድ ሰው አንደበት ላይ አኖረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው የሚያየው ያ ሥልጣን ያደረሰውን ፍርድ ነው።

ከወራሹ ቀጥሎ በኑዛዜ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ የሚወረሰው። ወራሾች እንዳይጣሉ ንብረት ተለይቶ መጠራት አለበት። ጠመንጃው ወጨፎ መሆኑ ወይም ምንሽር መሆኑ፣ በቅሎዋ ዳማ መሆኗ ወይም ግራጫ መሆኗ ይነገራል። በባርነት የተያዘው ሰው ለመለየት የሚበቃው አንድ ስም ነው። የአባት ስም አያስፈልገውም፤ የወራሽ ስም ከአባት ጋር የሚጠራው መብቱ ከአባት ስለሚመጣ ነው፤ የሚወረሰው ሰው መብት ስለሌለው አባትም እንደሌለው ይቆጠራል። ያም አንድ ስም ብዙ ጊዜ እናቱ ያወጣችለት አይደለም፤ በጌታው ቤት ወይም በክርስትና የተሰጠው ነው። ስለዚህ ስሙን ይዞ ወደ ቤንች፣ ወደ ሸኮ ወይም ወደ ዲዚ አገር የሚሄድ ዘር ፈላጊ የሚያውቅለት ሰው አያገኝም።

ሦስተኛው ዓይነት ሰው ከወረቀቱ ጨርሶ የለም። ይህን ለመረዳት የወታደሩን የመሬት መብት ማየት ያሻል። ወታደሩ የመጣው መሬትና ዘር የተሳሰሩበትን የርስት ሥርዓት ከሚያውቅ አገር ነው። በጎጃምና በበጌምድር ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ በመቁጠር ነበር። በሚዛን ዙሪያ የተሰጠው ግን ማደሪያ ነው፤ ስለ አገልግሎቱ የተመደበለት ገባር ማር፣ እህልና ጉልበት ያቀርብለታል። ይህ መብት የሹመትና የአገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱ ሲቀር ወይም ጦሩ ሲዛወር ይቀራል። ሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን አይናዘዝም። ስለዚህ መሬቱን ያለማውና ቤቱን የሠራው ገባር፣ ለተዝካሩ የሚሆነውን ማር ሳይቀር ያመጣው ሰው፣ በኑዛዜው ውስጥ እንደ ወራሽም እንደ ንብረትም አይጠራም። ባሪያ በስም ይታያል፤ ገባር በስምም አይታይም። ኑዛዜን የቤተሰብ ታሪክ አድርጎ የሚያነብ ሰው ይህን ካላስተዋለ፣ ከአካባቢው ሕዝብ የሚበዛውን ክፍል ሳያውቅ ከታሪክ ያስወጣዋል።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ322 ቅድመ ክርስቶስ የሞተው አሪስቶትል የተወው ኑዛዜ ዲዮጋን ላኤርትዮስ ስለ ፈላስፎች ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ተጠብቆ ይገኛል። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ በተፈጥሯቸው ባሪያ የሆኑ ሰዎች አሉ ብሎ የተከራከረው ፈላስፋ፣ በኑዛዜው አምብራኪስ የምትባል ሴት ነጻ እንድትወጣና ሴት ልጁ ስታገባ 500 ድራክማ እንዲሰጣት ያዛል። ሌሎች በስም የተጠሩም የልጁ ሠርግ ሲደርስ ነጻ እንዲወጡ ይላል፤ ሲያገለግሉት የነበሩት ልጆች ደግሞ አንዳቸውም ሳይሸጡ ለአካለ መጠን ሲደርሱ፣ የሚገባቸው ከሆነ፣ ነጻ ይሁኑ ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። የባሪያው ነጻነት የጌታውን ልጅ የሠርግ ቀን ይጠብቃል፤ የባሪያው ዕድሜ የሚለካው በጌታው ቤት አቆጣጠር ነው። በተጨማሪም አምብራኪስ የምትታወቀው በዚህ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወላጆቿ፣ አገሯ፣ ከዚያ በኋላ የሆነችው አይታወቅም። ሕግ የነፈጋትን ሰውነት የሚመሰክርላት ሰነድ፣ ንብረት መሆኗን ያረጋገጠው ያው ሰነድ ነው።

የኢትዮጵያም ሕግ ነጻነትን ለረጅም ጊዜ በዚሁ ዓይነት አቆጣጠር አስሮት ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ማግሥት፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅና በ1923 ዓ.ም. የተከተለው ሕግ የባሪያውን ነጻነት ከጌታው ሞት ጋር አያያዙት፤ የኋለኛው የመጠበቂያውን ጊዜ አሳጠረ። ባርነት በሕግ ፊት ጨርሶ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የጌታው ሞት ለአንዱ የውርስ ቀን፣ ለሌላው የነጻነት ተስፋ ነበር። ጌታው አስቀድሞ ለነፍሱ ብሎ «ነጻ ወጥቷል» ላለው ሰው ይህ ቃል የመጀመሪያው የሕግ ሰነዱ ይሆናል። ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ ያሳደጋቸውን ጌታ ስም እንደ አባት ስም ይዘው ኖሩ። ከሦስት ትውልድ በኋላ ዘር ቆጣሪው ያን ስም ሲያገኝ የደም አባት ይሁን የጌታ ስም ከስሙ ብቻ ሊለይ አይችልም።

በአሜሪካ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦችን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። በ1870 እ.ኤ.አ. የተደረገው ቆጠራ ነጻ የወጡትን ሁሉ በስም የመዘገበ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማግኘት የጌቶቹን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ማገላበጥ የግድ ይሆናል። ልጅ እናቱን የሚያገኘው ከፈረስና ከእርሻ መሣሪያ መካከል ነው። ንባቡ ልብ የሚሰብር ቢሆንም፣ ወረቀቱ የተጻፈበት ዓላማ የሚነበብበትን ዓላማ ሊወስን እንደማይችል አሳይቷል፤ ለንብረት የተጻፈ መዝገብ ለሰው ሊነበብ ይችላል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ከወረቀት ሌላ መዝገብ አለ፤ ይህን መዘንጋት ትልቅ ጥፋት ነው። በካፋና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ሰው የሚታወቀው በአባቱ ጎሳ ነው፤ ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ስለሆነ ጋብቻ በታሰበ ቁጥር የሁለቱም ወገን ጎሳ ይጠየቃል። ስለዚህ የዘር ዕውቀት በየትውልዱ ይፈተናል፤ የተሳሳተ ቆጠራ በሽማግሌ ፊት ይወድቃል። በሸካና በካፋ ጫካ ደግሞ ኮቦ የሚባል ይዞታ አለ። አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ክፍል ነው፤ ወሰኑ በወንዝ፣ በሸንተረርና በታወቁ ዛፎች ይለያል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚያ ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለው ማን እንደነበር፣ ከእርሱ በፊትስ ማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ያለ ወረቀት የውርስ ሐረግ እየቆጠረ ነው። ገባሩ በወታደሩ ኑዛዜ ውስጥ ባይኖርም በዚህ መዝገብ አለ።

ይህ መዝገብ የራሱ ጉድለት አለው። ጎሳ የሚቆጥረው በአባት ስለሆነ እናቶች በቶሎ ይረሳሉ፤ ከአገሩ የተጋዘ ሰውም ቆጣሪው ከሌለበት ቦታ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱን መዛግብት አንዱን በሌላው ማረም ያስፈልጋል። ኑዛዜ ዘመኑንና ቤቱን ያስይዛል፤ ጎሳ ወገኑን ይመልሳል። ኑዛዜው ነጻ ያወጣውን ሰው በአንድ ስም ሲተወው፣ በሠፈሩ የእናቲቱን አገር የሚያስታውስ አዛውንት ካለ ሐረጉ ከተቆረጠበት ይቀጠላል።

እንግዲህ ቅድመ አያት ማን ነው? ደም ብቻ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ግን ያኔ ኑዛዜን መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? ሰው ቅድመ አያቱን የሚፈልገው ከማን እንደተወለደ ብቻ ሳይሆን በማን ጉልበት እንደቆመ ለማወቅ ነው። በዚህ መመዘኛ የተናዛዡ የልጅ ልጅ ልጅ ዕዳ ያለበት ለስም ሰጪው ብቻ አይደለም። ያሳደገችው ገረድ፣ የመገበው ገባርና በአንድ ስም የተቆጠረው ሰው የታሪኩ ክፍል ናቸው፤ ዘመድ አድርጎ መቁጠር ሐሰት በሚሆንበት ቦታ እንኳ ሳይጠቀሱ ማለፍ ሐሰት ነው። የወራሾቹን ስም ብቻ ገልብጦ የዘር ሐረግ ሠራሁ የሚል ሰው የተናዛዡን ፍርድ ሳይመረምር በራሱ ፊርማ አጽድቆታል።

የሕጉ ገጽታ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ አዘዘ፤ ልጅን የሚነቅል ተናዛዥም ምክንያቱን እንዲገልጽ ጠየቀ፤ በዝምታ ልጅን የማስቀረትን ሥልጣን በዚህ ገደበ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የአሮጌ ኑዛዜዎች የመሬት አንቀጾች ጉልበት አጡ። ዛሬ እነዚያን ወረቀቶች ይዞ የሚከራከር ወራሽ የለም፤ የቀራቸው ዋጋ የዕውቀት ነው። ይህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ወረቀቱ ያለው በወራሹ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ ለሌለው፣ በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ለተጠራው ሰው ዘር ነው። ወራሹ ወረቀቱን በሕግ ይዞታል፤ በውስጡ የተጻፈው የሌላ ሰው ቅድመ አያት ስም ግን በውርስ የተላለፈለት ንብረት አይደለም፤ ለሚጠይቀው ዘር ማሳየት ግዴታው ነው።