በጊዜ ስለ መተው

ወደ አደጋ የሚገባውን ሰው ደፋር እንለዋለን። ከአደጋ የሚወጣውን ግን ብዙ ሳናስብ ፈሪ ነው ብለን እናልፈዋለን። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ፍርዳችን የቀና መሆኑንና አለመሆኑን ትመረምር ዘንድ፣ ክሪስ ቦርላንድ የሚባለውን የአሜሪካ ተጫዋች ነገር እነግርሃለሁ።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ተይዞ ይሮጥበታል እንጂ በእግር አይመታም። በዚህ ጨዋታ ላይንባከር የሚባለው ሰው የሚቆመው ከተከላካዮቹ የፊት ረድፍ በስተኋላ ነው፤ ሥራውም ኳስ ይዞ የሚመጣውን ሰው በሙሉ ኀይሉ ተጋጭቶ መጣል ነው። እንጀራውን የሚበላው በግጭት ነው ማለት ነው። የራስ ቁር ያደርጋል፤ ቁሩ ግን የራስ ቅልን ከመሰበር ቢያድንም፣ በቅሉ ውስጥ ያለውን አንጎል ከመናወጥ አያድነውም።

ቦርላንድ በኦሃዮ አድጎ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ. ም. (ከዚህም በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ፎርቲ ናይነርስ የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ለ4 ዓመት አስፈረመው፤ የውሉም ዋጋ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ቁመቱ ለዚህ ሥራ ያጥራል ተብሎ ነበር፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ኳስ ተሸካሚዎችን ጣለ። ከዚያም በማርች 2015፣ ስሙ ገና መጠራት በጀመረበት ጊዜ፣ በ24 ዓመቱ በቃኝ አለ።

እኔ መጀመሪያ ይህን ስሰማ የወጣትነት ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ታመሃል ያለው ሐኪም የለም። ያባረረውም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ቡድኑ በገባበት ዓመት በልምምድ ላይ ክፉኛ ተጋጭቶ ራሱ ዞረበት። ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ስለ ሠጋ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ልምምዱን ቀጠለ። በብዙዎች ዘንድ ጀግንነት የሚባለው ይህ ነው። እርሱ ግን፣ ጉዳቱን እያወቅሁ ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ራሴን እያጋጨሁ ልኖር ነውን? ብሎ ራሱን እንደ ጠየቀ በኋላ ተናግሯል። ከዚያም ማንበብና ሊቃውንትን መጠየቅ ጀመረ።

ያነበበውም የሚያስደነግጥ ነበር። በ2002 ዓ. ም. ቤኔት ኦማሉ የሚባል፣ በናይጄሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራ ሐኪም፣ ማይክ ዌብስተር የተባለውን የታወቀ ተጫዋች አስከሬን ሲመረምር፣ አንጎሉ በዕድሜው ሊደርስበት የማይገባ ጉዳት እንደ ደረሰበት አገኘ። ሕመሙ ሲ ቲ ኢ ይባላል። በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ሲሆን፣ ማስታወስንና ጠባይን ያበላሻል፤ መኖሩም በርግጥ የሚታወቀው ሰውዬው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። ጁኒየር ሲዮ ደግሞ እንደ ቦርላንድ ላይንባከር ነበረ፤ 20 ዓመት ተጫውቶ፣ በ2012 ዓ. ም. በ43 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። በሚከተለው ዓመት አንጎሉን የመረመሩት ሊቃውንት ያንኑ ሕመም አገኙበት።

ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ የኖረ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። ያልተረጋገጠን ጉዳት ፈርቶ የተረጋገጠን ሀብትና ክብር መተው ጥበብ ነውን? ማስረጃው በራሱ ላይ እስኪታይ የሚጠብቅ ሰው፣ የሚያገኘው መመለሻ መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። የጨዋታው ማኅበር በዚያን ሰሞን ጨዋታው የዛሬን ያህል አደጋው ቀንሶ አያውቅም የሚል መልስ ሰጥቶ ነበር። በዓመቱ፣ በማርች 2016፣ አንድ የማኅበሩ ሹም በአሜሪካ ምክር ቤት ተጠይቆ ጨዋታውና ሕመሙ ግንኙነት እንዳላቸው አመነ።

ስለ ውሉስ ምን እንላለን? ቃሉን አጠፈ የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል። ቦርላንድ ሲፈርም ከ600 ሺህ ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ ተሰጥቶት ነበር፤ ሲወጣም የተጫወተበትን የአንድ ዓመት ድርሻ ብቻ አስቀርቶ፣ ሦስት አራተኛውን ለመመለስ ተስማማ። ፈሪ የምንለው ሰው ሲሸሽ ገንዘቡን ይዞ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሰው በምን ስም እንደምንጠራው እንደገና ማሰብ ይገባናል።

ዳሩ ግን በቦታው የቀሩትን ለመንቀፍ አልደፍርም። ቦርላንድ ዲግሪ ነበረው፤ ቢወጣም ሌላ በር ነበረው። ከዚህ ጨዋታ በቀር እናቱን የሚጦርበት የሌለው ወጣት፣ ያንኑ መጽሐፍ ቢያነብ እንኳ ሌላ ነገር ሊወስን ይችላል፤ ፍርዱንም ለእርሱ እተዋለሁ። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ስንቶቻችን ነን በጀመርነው ነገር ላይ የምንቆየው፣ ወደነው ወይም ተቸግረን ሳይሆን፣ ካፈርሁ አይመልሰኝ ብለን ብቻ! የሰው ዓይን ፈርቶ የሚቆይ ሰው ደፋር ሲባል፣ የሰው ዓይን ሳይፈራ የወጣው ፈሪ ይባላል።

ተመልካቹም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለም፤ ግጭቱ በበረታ ቁጥር እልል የሚለው እርሱ ነውና። በሚቀጥለው የጨዋታ ዘመን የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን እንደ ወትሮው ወደ ሜዳ ወጣ፤ ቦርላንድ ይቆምበት በነበረውም ቦታ ሌላ ሰው ቆመበት።