መስማት የማን ነው?

አዛውንቶቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏትን ጭሮን የማውቃት ከዐይኔ ይልቅ በጆሮዬ ነበር። ንጋት ላይ አዛኑና ቅዳሴው ይፈራረቃሉ፤ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች «ሂርና! ገለምሶ! ሚኤሶ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሻይ ቤት አንዱ በኦሮምኛ የጀመረውን ወሬ ሌላው በአማርኛ ይጨርሰዋል። አምና ማጅራት ገትር ጣለኝ። ከቀናት ትኩሳት በኋላ ስነቃ የባለቤቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሁለቱም ጆሮዎቼ አይሰሙም።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ነገሩን በወረቀት እየጻፈ አስረዳኝ። ተራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል እንጂ የሞተ ነገር አያስነሳም፤ በእኔ ውስጠኛ ጆሮ ደግሞ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ረቂቅ ሕዋሳት ጠፍተዋል። የቀረው መንገድ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚሉት ነው። በቀዶ ሕክምና ቀንድ አውጣ በሚመስለው የጆሮ ክፍል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ይገባል፤ ከጆሮ ኋላ የሚደረገው መሣሪያ ድምፁን ተቀብሎ ይልክለታል፤ ገመዱም ነርቩን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ከማጅራት ገትር በኋላ ግን ያ ክፍል በአጥንት ሊደፈን ስለሚችል ብዙ እንዳልዘገይ አስጠነቀቀኝ።

ዋጋውን ባነበብኩ ጊዜ ወረቀቱን አጠፍኩት። ባሕር ማዶ ያለው ወንድሜ ያጠራቀመውን ሁሉ ቢልክ እንኳ የእናቴ ቤት መሸጥ ሊኖርበት ነው። እናቴ ልጄን አስጽፋ «ቤት ይሠራል፤ ጆሮ ግን አይሠራም» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይፍረዱ። አንድ ሰው እንዲሰማ ስንት ሰው ሊራቆት ይገባል? የእናትን ጣሪያ በጆሮ መለወጥ ተገቢ ነው ወይስ ስስት? እምቢ ማለትስ ጨዋነት ነው ወይስ ኩራት?

ለመሆኑ የሚገዛውስ ምንድን ነው? በአንድ ጤነኛ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ 3,500 ያህል ሕዋሳት አሉ፤ ገመዱ ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ነጥቦች ግን ከ12 እስከ 22 ቢሆኑ ነው። አእምሮ ከእንግዳው ድምፅ ጋር የሚላመደው በወራት ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሜልበርን ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ግሬይም ክላርክ የፈለሰፉት ባለብዙ ነጥብ መሣሪያ የተተከለለት ሮድ ሳውንደርስ፣ በመኪና አደጋ መስማት ያጣ ጎልማሳ ነበር። የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲያሰሙት ብድግ ብሎ ቆመ ይባላል። ዜማውን የለየው ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። እኔም የማስታውሰው ድምፅ ስላለኝ ተስፋ አለኝ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ግን እንዲህ ያለ ትዝታ የለውም፤ ሲወለድም አይሰማም ነበር። ልጅ ሳለ መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስለ ገባ መጻፍ ይችላል። ዐሥር ዓመት ሱሪዬን ሲያሳጥርልኝ ከአንገት ሰላምታ አልፈን አናውቅም። መስማት ካቆምኩ በኋላ ስሄድ ወንበር ሳበልኝ። ስለ መሣሪያው ጽፌ ባሳየው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «መምህር፣ እርስዎ የጠፋብዎት ነገር አለ። እኔ የጠፋብኝ የለም። ያጣሁት የሚያወራኝ ሰው ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ያልገባውን ልጅ «ደንቆሮ!» እያልኩ አስተምሬአለሁ። ቋንቋችን አለመስማትንና አለማወቅን በአንድ ቃል ሲጠራ እኔም አብሬ ፈርጃለሁ። ለእኔ ጆሮ ቤቷን የምትሸጥ እናት ስትገኝ፣ ለእሱ አንዲት የእጅ ምልክት የተማረ ጎረቤት አልተገኘም። መስማት በጆሮዬ ውስጥ ያለ የግል ሀብቴ ይመስለኝ ነበር። ለካ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ኖሯል፤ አንዱ ቢያጣው ሌላው በእጁና በትዕግሥቱ ሊያካፍለው ይችላል።

ታዲያ ወሰንኩ። የወንድሜን ገንዘብ በብድር እቀበላለሁ፤ የጎደለውን ከደመወዜና ከዕቁብ እሞላለሁ፤ የእናቴ ቤት ግን አይሸጥም። ገንዘቡ ሳይሞላ ጆሮዬ በአጥንት ቢደፈን እንኳ አይሸጥም።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው እኔንና ልጄን የእጅ ፊደል ያስተምረናል። የጣቶቹ ቅርጽ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። ባለፈው ሳምንት ልጄ በር ላይ ቆማ ሦስት ፊደል በእጇ ጻፈች። «አባባ» ማለቷ ነው።

«ወዬ» አልኳት።