ስለ ዕጣና ስለ ፍርድ

ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ አሻሽሎ መጫወት የሚወድ ሰው፣ ጀማሪም ሆነ ብዙ ዘመን በጠረጴዛው ዙሪያ የኖረ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ በአንድ ምሽት መብላቱ የብልኃቱ ምስክር፣ በአንድ ምሽት መበላቱም የስንፍናው ማስረጃ አለመሆኑን ነው። ሁለት ካርታ በእጁ ይዞ፣ አራት ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ተገልጠው ሳሉ፣ ከስድስቱ አራቱ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሆነው አምስተኛውን የሚጠባበቅ ተጫዋች፣ ካላያቸው 46 ካርታዎች መካከል የሚጠቅሙት 9 ብቻ ናቸው። በመካከል 300 ብር ተከማችቶ እርሱ 100 ብር እንዲጨምር ቢጠየቅና ከዚያ ወዲያ የሚታከል ገንዘብ ባይኖር፣ ከአራት ጊዜ አንዱን እንኳ የማያሸንፍ ከሆነ መክሰሩ ስለማይቀር፣ ዕድሉም ከአምስት አንድ የማይሞላ ስለ ሆነ፣ ካርታውን አስቀምጦ መተው ይገባዋል። ካስቀመጠ በኋላ የተመኘው ካርታ ቢወጣም ምክሩ የቀና ነበረ፤ የወጣው ካርታ አያጣምመውም። በ1654 እ.ኤ.አ. ፓስካልና ፌርማ ስለ ተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ አከፋፈል በተጻጻፉት ደብዳቤ የዕድልን ስሌት መሠረት የጣሉት፣ የሚመጣውን ለመተንበይ ሳይሆን፣ ሳይመጣ በፊት የሚገባውን ለማወቅ ነበር።

ይህ ትምህርት ከካርታው ይልቅ ለነፍስ ይጠቅማል እላለሁ። የሰው ልጅ የደረሰበትን አይቶ ስለ ሰውየው ጽድቅና ኃጢአት መፍረድ ይወዳልና፤ ለዚህም በምዕራብ አዲስ አበባ የምትገኘው ዘነበወርቅ ትመሰክራለች። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በተተከለበት በዚያ ስፍራ የተሰበሰቡት ሕሙማን፣ ከደዌያቸው ሌላ የጎረቤታቸውን ፍርድ የተሸከሙ፣ እንደ ተረገሙ ተቆጥረው ከቤትና ከማዕድ የተለዩ ነበሩ። ደዌውን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሐዋሲ ግን የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው፣ አለርት በተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ ጥቂት ዘግይቶም በሐኪሙ ስም በተሰየመው የምርምር ተቋም የተሠራው ሥራ፣ ደዌው በመድኃኒት የሚድን መሆኑን ለብዙዎች አሳይቷል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት ሠሩ ብለው ደቀ መዛሙርት በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ሁለቱንም ነፃ አወጣ። ዕጣው የከፋበትን ሰው ጥፋተኛ የምናደርግ እኛ፣ ያን ጥያቄ ዛሬም እንደግመዋለን።

ዕጣ በራሱ የተነቀፈ ነገር እንዳይደለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል። ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በጸሎትና በዕጣ ነው፤ በ1951 ዓ.ም. ለአቡነ ባስልዮስ ሥልጣነ ፕትርክናን የሰጡት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛም ለመንበራቸው የተመረጡት እንዲሁ ከጸሎት በኋላ በወጣ ዕጣ ነበር። በመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የጣሉት ወታደሮች ግን ከተራቆተው የሚያገኙትን ብቻ ይመለከቱ ነበር። የሁለቱ ልዩነት በእጅ አሠራሩ ሳይሆን በልብ ፈቃድ ላይ ነው።

የፖከርም ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ጠረጴዛው አንዲት ሳንቲም አይወልድም፤ አንዱ የበላው ሌላው የተበላው ነው፤ ቤቱ ድርሻውን በሚወስድበት ስፍራማ የሁሉም ድምር ከመጡበት ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ በጨዋታው መሻሻል ማለት ትዕግሥትን፣ ስሌትን፣ ራስን መግዛትን መማር ቢሆንም፣ ይህ ሁሉ መልካም ጠባይ የሚመነዘረው ደካማውን በመብላት ነው፤ ብልኁ ተጫዋች የሚከብረው፣ ካርታ ትዝታ ያለው ይመስል «ዛሬ ዕድሌ ይመለሳል፣ የተበላሁትን አስመልሳለሁ» እያለ የሚጨምር ምስኪን ከፊቱ ሲቀመጥ ነውና። አቻ ከአቻ ጋር፣ ሐሰተኛ መልክ ማሳየቱም የጨዋታው ወግ መሆኑን አውቀው ሲጫወቱ፣ ብልጠታቸውን በውሸት አልቆጥረውም። የልጆቹን የቤት ኪራይ ያስያዘውን ሰው ግን፣ ፈቅዶ ተቀመጠ ብሎ መብላት የፈቃድን ስም ለዝርፊያ ማዋስ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ ጥበቡን ተማር፣ ካርታህንም በጊዜው ማስቀመጥን ልመድ፤ ገንዘቡን ግን ከጠረጴዛው አንሣ፤ ማንሣት ካልቻልህም፣ ቢበላ ቤተሰቡ ከሚራብ ሰው ጋር አትቀመጥ።