አራዊትን በአጥር የሚጠብቅ ሰው ያለበት አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ለማክበር በአዲስ አበባ ወደምትገኘው ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፤ ስለ በዓሉ ከሚነሡት ቃላት አንዱ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 8 የሚገኘው ነው። በዚያ ስፍራ ጠቢቡ ሰሎሞን ሊባኖስን ከአንበሶች ዋሻና ከነብሮች ተራራ ጋር አያይዞ ያነሣል። አባቶቻችንም ቃሉን ለእመቤታችን ሰጥተው፤ ኢያቄምና ሐና በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ይህች ንጽሕት ልጅ እንደ ተወለደችላቸው ያስተምሩናል። ስለዚህም ምእመናን በዚያ ቀን ከቤት ወጥተው በደጅና በዛፍ ጥላ ሥር ንፍሮ ይቀምሳሉ። የቃሉ ምሥጢር ስለ እመቤታችን መሆኑን ሳንለቅ፤ ዛሬ ለምሳሌ ስለ ተጠሩት አራዊት ጥቂት እንናገራለን።

በዚህችው ከተማ በስድስት ኪሎ የነበረውን የአንበሳ ግቢ የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ግቢው በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፤ የአንበሶቹ ዘር የተጀመረው በ5 ወንዶችና በ2 ሴቶች ነው። በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር በተከፈተው በአንድነት ፓርክም አንበሶች ለሕዝብ እንዲታዩ ተደርጓል። የስድስት ኪሎዎቹ ወንዶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ፤ ከአንገት አልፎ እስከ ደረትና እስከ ሆድ የሚወርድ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ከግቢው አንበሶች ከ15ቱ የዘር ናሙና ወስደው ከመረመሩ በኋላ፤ በሌላው ስፍራ ካሉት አንበሶች የተለየ ዘር መሆናቸውን በ2005 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ስለዚህ በዚያ አጥር ውስጥ የነበረው ከጠፋ በኋላ ከሌላ አገር ተገዝቶ የማይተካ የፈጣሪ ሥራ ነው።

ነገር ግን ደስ የማያሰኘውንም እንናገር። በ1999 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ቦታና ገንዘብ ስላልበቃ ግልገሎች በመርዝ እንደሚገደሉና በድናቸውም ቆዳ ለሚያደርቁ ባለሙያዎች እንደሚሸጥ ከኃላፊው አንደበት ተነግሮ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ይህን የምናነሣው በችግር ላይ በነበሩት ሠራተኞች ለመፍረድ አይደለም። እኛ ለአውቶቡስና ለጫማ የአንበሳን ስም ሰጥተናል፤ በሳንቲማችንም ላይ ምስሉን ቀርጸናል፤ የሕያው አንበሳ ግልገል ግን የሚያድግበት ቦታ አጣ። ነቀፌታው የሁላችን ነው።

እንግዲህ ከቅዱሳት መጻሕፍት ምን እንማራለን? ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ቁጥር 21 ላይ የአንበሳ ግልገሎች ሲያገሡ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚለምኑ ይናገራል። በዱር ያለ አንበሳ መጋቢው እግዚአብሔር ነው፤ ሲርበው ይወጣል፤ ይፈልጋል፤ ያገኛል። ሰው ግን ይህን እንስሳ ይዞ በብረት አጥር ውስጥ ባኖረው ጊዜ የልመናውን መንገድ ዘጋበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንበሳው የሚያየው የሰውን እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አራዊትን የሚያስር ሰው፤ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፤ እግዚአብሔር ሲሠራው የነበረውን የመመገብ ሥራ በራሱ ላይ ተቀብሏል። ይህን ሥራ ተቀብሎ ቸል ቢል በማን ፊት እንደሚጠየቅ መናገር አያስፈልግም።

ሰው በአራዊት ላይ ተሾሟል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለአዳም ገነትን እንዲያበጅ ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቅም ታዝዞለታል (ዘፍ. 2፥15)። ከጥፋት ውኃ በኋላም ቃል ኪዳኑ ለኖኅና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከመርከብ ለወጡት እንስሳት ሁሉ ተሰጠ (ዘፍ. 9፥10)። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በምሳሌ 12፥10 ተጽፏል። እግዚአብሔርም ነነዌን ሲምር የሕፃናቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የከብቶቹንም ብዛት ቆጥሯል (ዮና. 4፥11)። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕልም እንመልከት፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ያለ አጥርና ያለ ሰንሰለት ጻድቁን ይከተሉ ነበር። ያን ቅድስና የጎደለን እኛ አጥር ብንሠራ እንኳ፤ ርኅራኄ ከአጥራችን ውስጥ አይጥፋ።

ምናልባት አንድ ሰው «ሰው እየተራበ ለአንበሳ ሥጋ መስጠት ምን ይባላል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ድሃው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና ይቀድማል፤ የእርሱን እንጀራ ወስዶ ለአራዊት መስጠት ጽድቅ አይሆንም። ነገር ግን አንበሳው ራሱ ወደ ከተማ አልመጣም፤ ያመጣነው እኛ ነን። ልጅ የወለደ ሰው «የጎረቤቴ ልጅ ተርቧልና የራሴን አላበላም» እንደማይል፤ ያሰርነውን ማብላት ዕዳችን ነው። መመገብ የማይችል እንዲራቡ አያድርግ፤ ወንዱንና ሴቲቱን ለይቶ ያኑር፤ ተወልዶ ከሚገደል አስቀድሞ አለማስወለድ ይሻላልና።

ስለዚህ የጠባቂዎቹ ግዴታ ይህ ነው፤ የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ቦታ፤ ንጹሕ ውኃ፤ ጥላና የእንስሳት ሐኪም ማዘጋጀት፤ ደግሞም ዘሩ ከጥቂት የተጀመረ ስለ ሆነ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይገናኙ የትውልድ መዝገብ መያዝ። የጎብኝዎች ግዴታ ደግሞ ድንጋይና ፌስታል አለመወርወር፤ የተኛውን ለማስነሣት አለመጮኽ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ በአላጣሽ በረሃ አንበሶች መኖራቸው ተረጋግጧል፤ በነጻነት ያሉትን በዱራቸው መተው ከማሰር ይበልጣል። በየአድባራቱ ዙሪያ ያለውን ደን ጠብቀው ለአዕዋፍና ለአራዊት መጠጊያ ያቆዩልን አባቶችም ይህን በሥራ አስተምረውናል።

የልደታ ሠፈር ሰው ሆይ! በቤትህ አንበሳ የለም። ነገር ግን በመንገድህ ከአቅሙ በላይ የተጫነ አህያ አለ፤ በበዓል ዋዜማ እግሩ ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠለ በግ አለ፤ በደጅህም በድንጋይ የሚወገር ውሻ አለ። በጥቂቱ የታመነ በብዙም ይታመናል፤ ለአህያው ያልራራ ለአንበሳው አይራራምና ከዚህ እንጀምር። ግንቦት ልደታን ስናከብርና የአንበሶች ዋሻ ሲነሣ ስንሰማ፤ ድምፃቸውን ሰምቶ የሚመግባቸው አምላክ እኛንም እንደሚሰማ እናስብ።

እርሱ ርኅሩኅ ልብ ይስጠን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።