እንጀራና ቅኔ

በመንዝና በግሼ፥ በመርሐ ቤቴም ደጋ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ያገኘውንም ከጓደኞቹ ጋራ ይካፈላል። ለሰንበት ቅኔ ሲቈጠር ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በዓሉ ለሁሉ አንድ ነው፤ በእርሱም ላይ እያንዳንዱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ሊነግር ይገባዋል። እንግዲህ አንዱ ቢሞላለት፥ ሁለተኛው ቢቸገር፥ እንጀራውን ያካፈለ ጓደኛ ቅኔውንም ቢያካፍል ምን ነውር አለበት?

ነውርስ አለበት። እንጀራ የተቀበለውን ያጠግባል፤ የሰው ቅኔ ግን የተቀበለውን እንደ ተራበ ይተወዋል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን እነዚያን ሁለቱን በራሱ ድካም ያላገኘ ሰው የመወድሱን 8 ቤት ከወዴት ያመጣቸዋል?

ይህ ሲባል ግን ጓደኛ ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት ይገባል ማለት አይደለም። ቤት ያልመታበትን፥ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን በፍቅር ማሳየት እውነተኛ ማካፈል ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፤ ይኸውም ያቀኑት ጓደኛ በጉባኤ በልጦ ሲመሰገን ሳይቀኑ ደስ መሰኘት ነው።

የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ብዙዎች በአንድነት ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ስፍራ አልወሰደበትም። ርእሱ የጋራ፥ ድካሙ የየራስ ሲሆን ወዳጅነትም ይጸናል፥ ትምህርትም ይሰፋል።