የቆየ ሞተር፣ አዲስ የዘይት መንገድ፦ ስለ ዕቃ ማንነት

በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ዘመን ሲሻገር ያው ራሱ ሆኖ የሚዘልቀው በምኑ ነው የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የበሰበሱትን ሳንቃዎች በአዲስ እየተኩ የቴሴዎስን መርከብ ባቆዩ ጊዜ፣ አሳቢዎቹ መርከቢቱ ያችው ናት በሚሉና አይደለችም በሚሉ ተከፍለው ነበር፤ ቶማስ ሆብስም በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የወለቁት አሮጌ ሳንቃዎች ተሰብስበው እንደገና ቢገጣጠሙ ከሁለቱ እውነተኛይቱ የትኛዋ ልትሆን ነው ብሎ ችግሩን አጠነከረው። ይኸው ጥያቄ ዛሬ በተጨባጭ ከሚነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተሠሩት፣ መካከለኛ መጠን ባለው አካል ላይ ትልቅና ጉልበታም ሞተር የተጫነባቸው፣ «መስል ካር» የሚባሉት መኪኖች የሚታደሱበት ጋራዥ ነው። እዚያ ጥያቄው የሚቀርበው በዘይት በኩል ነው፤ የሞተሩ የዘይት ዝውውር ጉድለት እንዳለበት ሲታወቅ፣ ያንን ማረም ሞተሩን መጠበቅ ነው ወይስ ሌላ ሞተር ማድረግ?

መልሱን ለመፈለግ ዘይቱ የሚሠራውን በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ክራንክሻፍት፣ ማለትም የፒስተኖችን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ መካኒኮች ብሮንዚን በሚሉት ማቀፊያ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሆኖም ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ሁለቱ ብረቶች አይነካኩም። እንግሊዛዊው ቢውቻምፕ ታወር እ.ኤ.አ. በ1883 በባቡር አክስል ማቀፊያ ላይ ሲሞክር፣ በማቀፊያው ላይ ከተከፈተው ቀዳዳ ዘይት እየገፋ ሲወጣና የተወተፈበትን ውታፍ ሲያስለቅቅ ተመለከተ፤ በ1886 ደግሞ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ፣ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ እንደሚያስገባና ከዚህ የሚፈጠረው ግፊት ጭነቱን እንደሚሸከም በሒሳብ አስረዳ። እንግዲህ አሮጌው ብረት አሮጌ ሆኖ የሚቆየው በየቅጽበቱ በሚታደስ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው፤ ጽናቱ ራሱ ለውጥን ይጠይቃል።

ይህ ሽፋን እንዳይቋረጥ ዘይቱ በቅድሚያ የት መድረስ አለበት የሚለውን ሠሪዎቹ ራሳቸው ወዲያውኑ አልወሰኑም ነበር። 7 ሊትር ገደማ የሆነው የፎርድ 427 ሞተር በመጀመሪያ ዘይቱን ቫልቮችን ወደሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ልኮ ክራንክሻፍቱን በሁለተኛነት ይመግብ ነበር፤ በ1965 ኩባንያው በሞተሩ ብሎክ ጎን አዲስ መተላለፊያ አውጥቶ ክራንክሻፍቱ ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ። 5.8 ሊትሩ ፎርድ 351 ክሊቭላንድ ግን ይህን እርማት አልወረሰም፤ የዘይቱ ዋና መተላለፊያ የቫልቭ ገፊዎቹን ቀዳዳዎች አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በከፍተኛ ዙር ብዙ ዘይት በዚያ ይባክናል፣ የክራንክሻፍቱም ብሮንዚን ይራባል። ባለሙያዎች ወደ ካምሻፍት በሚወስዱት መተላለፊያዎች ውስጥ ማጥበቢያ በመክተት፣ ወይም የገፊዎቹን ቀዳዳ ቦርቡረው ትንሽ የዘይት ቀዳዳ ያለው እጅጌ በመግጠም ይህን ያርማሉ። የ427ን ብሎክ ሠሪው ሲያርመው ሞተሩ ስሙን ካላጣ፣ የክሊቭላንዱን ጉድለት የሚያርመው ባለሙያ ሞተሩን ከዳ የሚባልበት ምክንያት አይታይም።

በርካታ ሰብሳቢዎች ግን በብረቱ ላይ የታተመው ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር እስኪገጥም ድረስ የሚጠነቀቁ ናቸውና፣ ምንም ያልተነካ ሞተር ብቻ እውነተኛ ነው ይላሉ። ለዚህ አቋም ክብር ይገባዋል፤ ያልተነካ ብረት የዘመኑን የአሠራር ጥበብ ከነስሕተቱ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ችግሩ አለመንካት ብቻውን አንድን ነገር እንደነበረ ሊያቆየው አለመቻሉ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት በጠፍጣፋ ገፊዎች ላይ እየተንሸራተተ ይሠራል፤ በዚያ ጠባብ መነካኪያ ላይ ጫናው ከዘይቱ ሽፋን አቅም በላይ ስለሚሆን፣ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም በብረቱ ገጽ ላይ ተከላካይ ንጣፍ መሥራት አለበት። ፎስፈረስ ግን ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የተገጠመውን የጭስ ማጣሪያ ይጎዳል፤ ስለዚህ በ2004 የወጣው ኤስኤም የተሰኘው የዘይት ደረጃ፣ በተለመዱት ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ መጠኑ ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። ውሳኔው ለአየሩ ንጽሕና ሲባል ተገቢ ነበር፤ አሮጌውን ሞተር ግን ማንም እጁን ሳያሳርፍበት ለአደጋ አጋለጠው። በዙሪያው ያለው ዓለም ከተለወጠ፣ ምንም አለማድረግም ለውጥን መፍቀድ ነው።

አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመጥረቢያነት ባሕርዩ የተለየው መጥረቢያ በስም ብቻ መጥረቢያ እንደሚሆን ያስረዳል። በዚህ መለኪያ፣ ብሮንዚኑ እንዳይቃጠል ተብሎ ዳግመኛ የማይነሣ ሞተር የሞተር ምስል እንጂ ሞተር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ እጅን በነጻ አይለቅም። ሊወጣ የሚችል ማጥበቢያና ለጠፍጣፋ ገፊዎች የተዘጋጀ በዚንክ የበለጸገ ዘይት ነገ ሊቀለበሱ ስለሚችሉ ቅድሚያ ይገባቸዋል፤ ብረትን መቦርቦር ግን የማይመለስ ነውና፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር የሚነዳ ካልሆነ በቀር አያስፈልግም፤ ከፋብሪካ እንደወጡ ከቀሩት ጥቂቶቹ ደግሞ ለምስክርነት ሳይነኩ ይቆዩ። ከሁሉም በላይ፣ የተደረገውን ለውጥ ደብቆ ያልተነካ ነው ብሎ መሸጥ ገዢውንም ታሪክንም ማታለል ነው። ስለዚህ የአሮጌ ሞተርን ብሎክ የሚከፍት ሁሉ፣ የቦረቦረውን ቀዳዳ ስፋት፣ የከተተውን ማጥበቢያና የሚስማማውን የዘይት ዓይነት በጽሑፍ አስፍሮ፣ ሰነዱን ከመኪናው ጋር ለሚቀጥለው ባለቤት ያስረክብ።