እምቢታው በማን ኪስ?

ፕሮዲውሰር ሲባል ብር ያለው ሰው ይመስለናል። ጎንደር ከተወለደው ከኃይሌ ገሪማ ኋላ ግን የሆሊውድ ስቱዲዮ አልነበረም። ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» (እ.ኤ.አ. 1993) የአሜሪካ አከፋፋዮች ሳይወስዱለት ሲቀሩ፣ ከባለቤቱ ከሽሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። በ2008 የወጣው «ጤዛ»ማ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ታዲያ ታሪኬን አላስነካም ብሎ ይህን ያህል መጠበቅ ልክ ነው? በራስ ዕድሜና በራስ ዕዳ ከሆነ፣ አዎ እላለሁ። የሚከብደኝ ሌላው ነው፤ እዚህ እኛ ጋ «ሲያልፍልን እከፍልሃለሁ» ተብሎ ካሜራ ተሸክሞ የሚውለው ልጅ። ስፖንሰሩን እምቢ ያለ ፕሮዲውሰር የዚያን ልጅ ደሞዝ ከየት እንደሚያመጣ ቀረጻው ሳይጀመር ሊነግረው ይገባል፤ ልጁም እምቢ ማለት እንዲችል።